ወደ በር ያዘነበለ ወለል

ዘሊካ ሰይድ ካርቱምን የምታውቃት በወለሏ ነው። ሌላው ሰው ከተማን በድልድዩና በገበያው ያውቅ ይሆናል፤ እሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጎንብሳ ስለኖረች የሰውን ቤት ከታች ወደ ላይ ነው የምታየው። «ነጋዴ ይሁን መሐንዲስ እንጃ፣ መልኩ ጠፍቶኛል» ትላለች ስለ አንድ የድሮ አሠሪዋ ስታወራ፤ «ሳሎኑ ግን በግራ በኩል ጥጉ ላይ ውሃ ያቁር ነበር። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ደርቆ አያውቅም!»

ከባቲ ማዶ ካለች መንደር ተነስታ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ስትገባ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። አሁን አርባ ሰባት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት የሪያድ ሰፈርን ዕብነ በረድ ወልውላለች፣ የዑምዱርማንን ሲሚንቶ ፈትጋለች፣ ሴራሚክ የሚባለው ነገር ሲመጣም «ይኼ ደግሞ ሲደርቅ የረገጠውን እግር ሁሉ ያሳያል» ብላ ስሙን አጥፍታለች።

የራሷ ወለል ግን አልነበራትም። ተከራይታ የምትረግጠውስ ነበራት፤ «ውጪልኝ» የማትባልበት ነው ያልነበራት። አሥራ አንድ ጊዜ ቤት ቀይራለች። የመጣች ሰሞን ከአንድ ሱቅ የገዛችውን ጓጉንቸር ከክፍል ወደ ክፍል ይዛው ትዞራለች፤ በሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተለዋወጠ፣ ጓጉንቸሩ ግን ያው ነው። ሳጃና ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አብራት የምትኖረው የሐይቋ ልጅ ፋሪሃ በዚህ ነገር አትምራትም።

«አንቺ እኮ ቤት የለሽም። ያለሽ ጓጉንቸር ነው።»

«ቁልፉ ካለ ቤቱ ይመጣል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት? በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው! በካላክላ ሐፍላ ተሳፍሮ፣ በየፌርማታው ወርዶ ሻይ እየጠጣ ቢሆን እንኳ ይደርስ ነበር።»

እንዲህ እየተባባሉ ሲኖሩ፣ የሱዳን አብዮት ሁለት ዓመት በሞላው በጋ፣ አከራያቸው መጣና ቤቱን ሊሸጠው መሆኑን፣ ዝናብ ሳይገባም እንዲለቁ ነገራቸው። የቤት ኪራይ በየሳምንቱ እንደ ፌንጣ የሚዘልበት ዓመት ነበር። ሰውየው ሲወጣ ዘሊካ ጓጉንቸሩን ከበሩ ነቅላ በመዳፏ መዘነችው።

«ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ በር አልቀይርም» አለች። «ከእንግዲህ የምገባበት በር፣ ማንም ነይ ውጪ የማይለኝ መሆን አለበት።»

ፋሪሃ ልትስቅ ነበር። የዘሊካን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

አሁን ሐጃ ሀዋን ማስተዋወቅ ግድ ነው። ሀዋ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ካላክላ ገበያ ላይ ኦቾሎኒ እየቆላች የምትሸጥ ሱዳናዊት ባልቴት ናት። ከዘሊካ ጋር የተዋወቁት ወጣቱ በጦሩ መምሪያ ደጃፍ ተቀምጦ «አንነሳም» ባለበት በዚያ ሚያዝያ ነው። ዘሊካን እስከ ዛሬ የምትሠራላት ሴት ሐኪም ለተቀማጮቹ ምግብ አስይዛ ላከቻት፤ ሀዋ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር በትልቅ ድስት ምስር ታማስል ነበር። ዘሊካ የያዘችውን አስረክባ መመለስ ሲገባት ማማሰያውን ከሀዋ እጅ ወሰደች። እስኪመሽም አልመለሰችላትም።

«ያ በቲ፣ ልጄ» አለቻት ሀዋ፣ «ሱዳን በሙሉ ተቀምጧል። አንቺም ተቀመጪ እንጂ!»

«ድስቱ ያራል፣ ሐቡባ።» ሐቡባ ማለት እዚያ አገር አያት ማለት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

ያ መቀመጥ አንድ ንጋት ላይ በጥይት እንደተበተነ ሁሉም ያውቃል። ሀዋ ስለዚያ ንጋት አታወራም፤ ዘሊካም ጠይቃት አታውቅም። አርብ አርብ ግን ካላክላ ሄዳ ኦቾሎኒ አብራት ትለቅማለች።

ታዲያ የዘሊካን መፈናቀል የሰማች አርብ፣ ሀዋ ኦቾሎኒውን ገፋ አደረገችና ግቢዋን በዓይኗ ዞረችው። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበርና ጥሎላት የሞተው መሬት ሰፊ ነው፤ ወረቀቱም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍራሽ ሥር አለ። በላዩ የቆመው የጭቃ ቤት ግን ባለፈው ዓመት ጎርፍ ግማሹ ፈርሶ፣ የቀረው ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። የሚመጣውን ዝናብ እንደማይችለው ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

«የድሃ ቤት የሚያሠራ ባንክ መጥቷል ይላሉ» አለች ሀዋ። «ጥሬ ብር አይሰጡም። ጡቡን፣ ቆርቆሮውን፣ የብረት በሩን ራሳቸው ገዝተው ያመጡልሻል፤ አንቺ በየወሩ ከትርፉ ጋር እየቆራረጥሽ ትመልሻለሽ። ሐላል ነው፣ ወለድ የለበትም። ሄጄ ነበር።»

«እኔም ሄጄ ነበር!» አለች ዘሊካ።

ተያዩ። ለካ ሁለቱም፣ አንዷ ሌላዋ እንዳትስቅባት ደብቀው፣ በየፊናቸው እዚያው መስኮት ላይ ቆመው ተመልሰዋል።

«ምን አሉሽ?»

«መሬት አለሽ ወይ አሉኝ። የለኝም። ዜግነትስ? የለኝም፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው ያለኝ። ታዲያ ምን አለሽ? ደመወዝ አልኳቸው። ለእርስዎስ?»

«ደመወዝ አለሽ ወይ አሉኝ። ኦቾሎኒ አለኝ አልኳቸው።»

ሀዋ መሳቅ ጀመረች፤ ዘሊካም ተከተለቻት፤ ኦቾሎኒው ከሰፌዱ እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲያባራ ግን ሁለቱም አንድ ነገር እያሰቡ ነበር። አንዷ መሬት ይዛ ደመወዝ የላትም፣ ሌላዋ ደመወዝ ይዛ መሬት የላትም፤ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል።

ስምምነቱ በሦስት ቀን አለቀ። ሁለት ክፍል ጀርባ ለጀርባ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራል። ብድሩ በሀዋ ስም ይሆናል፣ ዘሊካ ትከፍላለች፤ አንዱ ክፍል የሀዋ፣ ሌላው ዘሊካ በሕይወት እስካለች ድረስ የዘሊካ። የሀዋ ሁለት ሴት ልጆች ከየባላቸው ቤት መጥተው «እናታችንን የምታይልን አገኘን» ብለው ፈረሙ፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ምስክር ሆነ፤ ሐኪሟም ዋስ ሆነች። ቀሪው ነገር የባንኩ ሰው መጥቶ ግቢውን ማየቱ ብቻ ነበር።

ሰውየው ኡስታዝ ሙባረክ ይባላል። ወፍራም መነጽር ያለው፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ፣ በሦስት እግር ሬክሻ የሚዞር ጠንቃቃ ሰው ነው። ዘሊካ ፈቃድ ወስዳ ከማለዳ ጀምራ ግቢውን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ፣ ከጎረቤት ብርጭቆና ትሪ ተውሳ ጠበቀችው። እሱም መጣ፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ላይ ተቀመጠ፤ ሀዋም ከፊቱ።

ዘሊካ በትሪ ውሃ አቀረበች። ጠጥቶ ሲመልስ ባዶውን ተቀበለች፤ ቀዝቃዛ ካርከዴ አመጣች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። ማንም ቁሚ አላላትም። እንግዳ ሲገባ እግሯ ራሱ ነው የሚያደርገው።

«መልካም» አለ ሙባረክ ወረቀቱን ገልጦ። «ሐጃ፣ እዚህ ሁለት ሴቶች ነው የሚለው። ሸሪክዎ የታሉ?»

«ያቺትና» አለች ሀዋ በአገጯ።

ሙባረክ ዞረ። ዘሊካን አለፈና ከኋላዋ ያለውን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ከኋላዋ የፈረሰ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«የትኛዋ?»

«እሷ ናት እንጂ! ዘሊካ!»

ሰውየው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «አንቺ ነሽ? ነይ፣ ተቀመጪ።»

«ግዴለም ጌታዬ፣ እዚሁ ይመቸኛል» አለች ዘሊካ። ቀጥሎም፣ አላህ ይቅር ይበላትና፣ «ሻይ ላምጣልዎ?» አለች።

ነገሩ እዚያ ላይ ተበላሸ። ሙባረክ ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቀም። ለካ በዚያ ሰሞን ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በድሃ ባልቴትና በሠራተኞቻቸው ስም ጡብ እያስወጡ ሱቅ ሲገነቡ ተይዘው ነበር።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ። ሀዋም ዘሊካም ማንበብ አይችሉምና ዘሊካ ለሐኪሟ ሰጠቻት። ሐኪሟ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። ሸሪክ ተብላ የቀረበችው ሴት የአመልካቿ የቤት ሠራተኛ ሆና ተገኝታለች፤ ሠራተኛ የምታሳድር ሴት ደግሞ ድሃ አትባልም፤ ከጀርባ ሌላ ባለገንዘብ ሳይኖር አይቀርም፤ ቅሬታ ካለ በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ጊዜ ብቻ ዳግመኛ ይታያል።

«የኔን ሠራተኛ ለሌላ ሰው ሰጧት!» ብላ ሐኪሟ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልሄደም። «ዘሊካ፣ በዚህ ቤት ስድስት ዓመትሽ ነው። ስትቀመጪ አይቼሽ አላውቅም» አለች፤ ደብዳቤውንም አጥፋ ስትመልስላት ዓይኗን አላየቻትም።

ሀዋ ስትሰማ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «እኔ? ሠራተኛ ቀጣሪ? ሰማችሁ ወይ ጎረቤቶቼ፣ ከኦቾሎኒ አንስቶ ወይዘሮ አደረገኝ!» ከዚያ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት የተሰነጠቀውን ግድግዳ ታየው ጀመር። ዘሊካም አየችው። በደቡብ በኩል ሰማዩ የመጀመሪያውን ደመና ይዞ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዘሊካ። «ሰኞ እቀመጣለሁ።»

ለመቀመጥ ልምምድ ያስፈልጋል ቢባል ማን ያምናል? ቅዳሜ ከሰዓት ፋሪሃ ካላክላ መጣች። የሀዋን ድስት ክዳን እንደ ፋይል አቅፋ፣ ከሽቦ መነጽር ሠርታ ደጁን አንኳኳች።

«ባንክ ነኝ!» አለች በወፍራም ድምፅ። «ካርከዴ የሌለበት ቤት ብድር የለም!»

ዘሊካ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ፋሪሃ ገባች። ዘሊካ ተነሳች።

«ተቀመጪ!»

ተቀመጠች። ፋሪሃ ጎሮሮዋን ጠረገች። ዘሊካ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

«ኧረ በአላህ! ሳል እኮ ነው የሳልኩት፣ አዋጅ አልነገርኩም!»

«ጎሮሮሽ የደረቀ መስሎኝ ነው።»

«ይድረቅ! ልሙት! የኔ ሞት ነው የሚብስብሽ ወይስ ቤትሽ?» ፋሪሃ የራሷን ሻሽ ፈታች፤ የዘሊካን ወገብ ከአልጋው ጋር አሰረችው። «አመል ያወጣል ከመሃል ይላሉ፤ አንቺን ከቤትሽ ሊያወጣሽ ነው። እንደገና! ሐቡባ፣ ትሪውን ያምጡ!»

ሀዋ ትሪውን ይዛ ወጣች። የሰባ ዓመት ጉልበት ነው፤ አንዷን እግር ካነሳች ሌላዋ እስክትከተል ብርጭቆዎቹ ይንቀጫቀጫሉ። ዘሊካ ይህን ስታይ አልቻለችም። አልጋውን ይዛ ተነሳች! የገመዱ አልጋ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትሪውን ተቀበለች። ፋሪሃ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሀዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ዘሊካ ግን አልሳቀችም። «ትልቅ ሰው ቆሞ እያስተናገደ እኔ ስቀመጥ» አለች፣ «እናቴ የምታየኝ ይመስለኛል።»

«እናትሽ» አለች ሀዋ ሳቋን አቁማ፣ «በቤቷ እንግዳ ሲመጣ ከእንግዳው ጋር ማን ይቀመጥ ነበር?»

ዘሊካ አሰበች። «እሷ ናታ። የቤቱ ሴት።»

«እህ?» አለች ሀዋ።

ሰኞ ደረሰ። ሙባረክ መጣ፤ ያው ጫማ፣ ያው ፋይል። ዘሊካ አዲስ የተተኮሰ ቶቧን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መዳፏን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀምጣበታለች። ሰላምታ ሰጠችው። አልተነሳችም።

ሀዋ ወደ ውስጥ ገባች። የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። የዘሊካ ጉልበት ተንቀሳቀሰ፤ በክርኗ ተጫነችው። ሙባረክ ከመነጽሩ በላይ እያያት ነው።

«ካልከፋዎት» አለ በመጨረሻ፣ አሁን «እርስዎ» እያለ፣ «ጊዜ ከምናጠፋ ፕላኑን ላሳይዎት።» ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘረጋው። «ባንኩ ለሁሉም የሚሠራው አንድ ዓይነት ነው። ሦስት በአራት። በሩ በዚህ፣ መስኮቱ በደቡብ። ወለሉ ሲሚንቶ።»

ዘሊካ አየችው። መስመር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ወለል መሆኑ ገባት።

«ውሃውስ?» አለች።

«የትኛው ውሃ?»

«ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

ሙባረክ ግራ ተጋባ። «የትም አይሄድም። ወለሉ ልክ ነው፣ በውሃ ልክ ተለክቶ የተስተካከለ።»

የትም አይሄድም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዘሊካ አፍ መጣ።

«አይ ኡስታዝ! ታዲያ ማን ያወጣዋል? ወለል ልክ ከሆነ ውሃው ይቆማል፤ አልጋ ሥር ይገባል፤ ጥግ ጥጉን ያቁራል፤ ግድግዳውን ከሥር ይመጠዋል። ሪያድ የነበርኩበት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ዕብነ በረዱ መልክ ያሳያል፣ ውሃውን ግን በጨርቅ ነበር የምመጠው፤ በጨርቅ! ይህን ፕላን የሠራው ሰው ወለል አጥቦ አያውቅም። ሁለት ጣት ብቻ ወደ በር ያዘንብል፤ ሁለት ጣት! ውሃው ራሱ ይወጣል።»

«ሁለት ጣት...» አለ ሙባረክ።

«መስኮቱ ደግሞ በደቡብ? ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ በየት በኩል ነው የሚመጣው? እርስዎ የካርቱም ልጅ አይደሉም እንዴ? በደቡብ ከከፈቱት አቧራው ሁሉ ሐቡባ አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። በሰሜን፣ ከፍ ብሎ፣ ነፋሱ የሚገባበት። በሩ ሥርም ደፍ አያስፈልገውም፣ ውሃውን ያግደዋል። ዝናቡ እንዳይመለስ ደግሞ ቤቱ ራሱ ከግቢው አንድ ክንድ ከፍ ይበል፤ ያለፈው ዓመት ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ ምልክቱ ግድግዳው ላይ አለ፣ ያውልዎ!»

ይህን ስትል ጎሮሮዋ ደረቀ። ሀዋ ትሪዋን ይዛ አጠገቧ ደርሳ ቆማ ነበር። ዘሊካ ዓይኗን ከፕላኑ ሳትነቅል እጇን ዘረጋች፣ አንዱን ብርጭቆ አነሳች፣ ካርከዴውን እስከ አተላው ጨለጠችው፣ ባዶውን ትሪው ላይ መልሳ፣ «እና ሲሚንቶው...» ብላ ልትቀጥል ስትል ነገሩ ገባት።

የእንግዳውን ካርከዴ ነበር የጠጣችው። ተቀምጣ!

ፊቷ ጠቆረ። «አስተግፊሩላህ» አለች በሹክሹክታ።

ሙባረክ ባዶውን ብርጭቆ አየ። ሀዋን አየ፤ ሀዋ አፏን በቶቧ ጫፍ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ስንት ዓመት ሙሉ በየግቢው ዞሬያለሁ» አለ። «ሠራተኛ አይቻለሁ፣ ሠራተኛ መሳይም አይቻለሁ። የኔን ካርከዴ የጠጣብኝ ግን የለም።» ጻፈ፤ አሰበና ፕላኑን ወደ ራሱ ጎተተ። «ሁለት ጣት አሉ? ወደ በር?»

«ወደ በር» አለች ዘሊካ፤ ድምፅዋ አሁንም ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው።

መስኮቱን ሰረዘና በሰሜን በኩል ሌላ ሣለ። «ሐጃ፣ ለኔም አንድ ብርጭቆ ካለ...»

ዘሊካ ልትነሳ ስትል ሀዋ በዓይኗ መለሰቻት።

ጡቡ በአሥረኛው ቀን በጭነት መኪና መጣ። ዘሊካ ከሥራ እንደተመለሰች በየቀኑ ግንበኞቹ ራስ ላይ ትቆም ነበር፤ በተለይ ወለሉ የፈሰሰ ቀን፣ ሁለት ጣቷን ከምድር ላይ አቁማ እያሳየች ሰላም ነሳቻቸው። አንደኛው ግንበኛ ምርር ብሎት፣ «ሴትዮ፣ እኔም ጣት አለኝ!» ብሏታል። ጣሪያው የተመታው ዝናቡ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ፋሪሃ ፍራሿን ተሸክማ አብራ ገባች። ኪራይ ስንት ነው ብትላት፣ «አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን አንቺ፤ ወለል ማጠብ ነው» አለቻት። ጓጉንቸሩ ለብረት በሩ አላስፈለገም፣ በሩ የራሱ ቁልፍ አለው፤ እሱ በውስጥ በኩል ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ፋሪሃ ልብሷን ታንጠለጥልበታለች።

ሙባረክ ሥራው ማለቁን ሊያይ የመጣው በገቡ ማግሥት ነው። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነፋሱን ቀመሰ። ከዚያ ከዘሊካ አንድ ኩባያ ውሃ ለመነና፣ ሳይጠጣ፣ በሩቁ ጥግ ወለሉ ላይ ደፋው።

አራቱም ቆመው አዩት። ውሃው መጀመሪያ የሚያስብ ይመስል ቆም አለ። ከዚያ ቀጭን ምላስ አወጣ፤ አልጋውን በጎን አልፎ፣ የፋሪሃን ፍራሽ ጫፍ ሳይነካ፣ እየፈጠነ፣ መሃል ለመሃል ሄዶ በበሩ ወጣ። የግቢው አፈር ጠጣው።

«አይ ዘሊካ!» አለ ሙባረክ። ሄዶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ዘሊካ ትሪ አነሳች።

«ተቀመጪ!» አለች ሀዋ ከበሩ ቆማ። «አንድ ጊዜ ነው የነገርኩሽ፣ ተቀመጪ!»

«ኧረ ሐቡባ፣ ተዉኝ እንጂ» አለች ዘሊካ፣ ብርጭቆዎቹን እያሰለፈች። «እንግዳው የኔ ነው።»